የብብቴን መጣል አቅቶኝ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። እኔ የብብቴን መጣል አቅቶኝ ሦስት ዓመት ሙሉ የኖርኩ ሰው ነኛ! በብብቴ የያዝኩት ገንዘብ እንዳይመስላችሁ። ሽፍታ ነው።

የጀመረኝ አዲስ አበባ ነው። በመጀመሪያ የሳንቲም ያህል ቀላ ያለ ክብ ወጣ። ከዚያ እየሰፋ፣ ሌሊት ሌሊት እያሳከከ እንቅልፍ ነሳኝ። ዲዮዶራንቱ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሎሚ አሸሁበት፤ አቃጠለኝ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ብብቴን ገልጬ ማሳየት ደግሞ አፈርኩ። «ስለማትታጠብ ነው» የምባል መሰለኝ። በመጨረሻ ጎረቤቴ የጠቆመችኝን ቅባት ያለ ማዘዣ ገዛሁ። ተአምር ነበር! በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቆመ፤ በሳምንቱ ቆዳዬ ጠራ። ቅባቱን ባቆምኩ በአሥራ አምስት ቀኑ ግን ሽፍታው ከበፊቱ ሰፍቶ ተመለሰ። ቀባሁ፤ ጠፋ። ተውኩ፤ መጣ። እንዲህ ድብብቆሽ ስንጫወት ሦስት ዓመት ሄደ።

አንድ ጥር የአክስቴ ልጅ ስታገባ ወደ ምዕራብ ጎጃም ወረድኩ። ፍኖተ ሰላም ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተጓዝኩ በኋላ ወደ ገጠሩ ገባሁ። አገሩ የበርበሬ አገር ነው፤ በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ገና ከሩቅ ያስነጥሳል። የደረስኩት ለድግሱ ሥራ ሳምንት ቀድሜ ነበር። ቅባቴን ለካ ቤት ረስቼዋለሁ! ሰርጉ እስኪደርስ ሽፍታው ዳር ዳሩን አብጦ እንደ ቀለበት ወጣ።

ዳሱ ውስጥ ከበሮው ሲመታ ሁሉም ተነሣ። እኔ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ ተቀመጥኩ። እስክስታ የትከሻ ነገር ብቻ ነው ያለው ማነው? የብብትም ነው።

«አንች፣ ምነው ክንድሽን እንደ ተሰበረ ክንፍ ሰበሰብሽው?» አለች አክስቴ።

ጓዳ ይዛኝ ገባች። አሳየኋት። አልተጸየፈችኝም። «ይኸ ጭርት ነው የሚመስል፤ ጥጃ የሚጠብቁ ልጆችን የሚይዝ። ታዲያ ለሐኪም አሳዪው እንጂ ምን አቅፈሽው ትዞሪያለሽ?»

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከሁሉ አስቀድሞ «ምን ስትቀቢ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ቅባቱን አስታውሼ ስሙን ነገርኩት። ስቴሮይድ ነበር። ከሽፍታው ዳር ጥቂት ቅርፊት በምላጭ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የፈንገሱ ክሮች ተገኙ። የአክስቴ ጭርት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅላቱና ማሳከኩ ሰውነት ፈንገሱን ሲታገል የሚያስነሣው ቁጣ ነው። ስቴሮይድ ቁጣውን ያበርዳል፤ ፈንገሱን ግን አይገድልም። ታጋዩ ሲተኛ ፈንገሱ ተመችቶት ይስፋፋል፤ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪም ሳይቀር ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1968 አይቭና ማርክስ የተባሉ ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር ይህን ሲጽፉ «ማንነቱን የደበቀ ጭርት» እንደ ማለት ያለ የላቲን ስም አወጡለት። እኔ በሽታውን ከሰው ደበቅኩ፤ ቅባቱ ደግሞ ከሐኪም ሊደብቀው ነበር።

ሕክምናው ቀላል ነበር፦ ስቴሮይዱን ማቆም፣ የፈንገሱን ቅባት ሽፍታው ከጠፋም በኋላ እስከታዘዘው ቀን መቀባት፣ ብብትን አድርቆ መልበስ፣ ፎጣ አለመዋዋስ። የመጀመሪያው ሳምንት ግን ከበደኝ፤ ታፍኖ የቆየው ቁጣ ባንድ ጊዜ ወጣ። ደግሞ የብብት ሽፍታ ሁሉ ጭርት አይደለም። ዲዮዶራንት የሚያስቆጣው ቆዳ አለ፤ በባክቴሪያ የሚመጣና በልዩ መብራት ሲያዩት ቀይ ሆኖ የሚያበራም አለ። ግምት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ዛሬ ብብቴ ድኗል። ቅባቱ ባሳሳው ቆዳ ላይ የቀረው ሸንተረር ግን አልጠፋም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ይዤ ወደ ጎረቤቴ ሄድኩ። ያን ቅባት እሷ አሁንም አልተወችም። የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ክንዷን ቀስ አድርጋ ወደ ጎኗ ሰበሰበች።