በእጃችን የነበረ ድግስ

ድግስ ማሰናዳት ለእኛ ለጉራጌ አታት ሰዎች እንግዳ ነገር ነበር? እናቶቻችን ለመስቀል ዓመቱን ሙሉ ነበር የሚደግሱት። ቅቤው በውጆ ይጠራቀማል፤ ሴቶቹ ያዋጣሉ፣ ባለተራዋ ትወስዳለች። ወንዶቹ ለበሬው እቁብ ይጥላሉ። የትኛው እንሰት ለመፋቅ እንደደረሰ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ቦክቶ ይጠብቃል። መስከረም 14 ለደንጌሳት በዓል የጎመን ክትፎ፣ በማግስቱ እርድ። ማን በማን ቤት መቼ እንደሚበላ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። በቡታጅራ በኩል ለአረፋም ዝግጅቱ ከዚህ አያንስም። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው ከተጠሩ እርዱ ለየብቻ፣ ቢላዋውም ለየብቻ ነው። ማንም ተርቦ አይነሳም። ማንም ተቀይሞ አይሄድም።

ይህን ሁሉ እያወቅን ምን ሠራንበት?

እንግዳ አላጣንም። የአታት ሆስፒታላችን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ሲያመጣልን ኖሯል። ጉብርዬ ላይ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ምረቃ በደረሰ ቁጥር ወላጅ ከየአገሩ ይጎርፋል። ኅዳር 2006 የመስቀል በዓል በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ። መስከረም በመጣ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚወርደው መኪና መንገድ ይሞላል። ሌላ ምን እስኪመጣልን ነበር የምንጠብቀው?

እኛ ግን ድግሱን ለሌላ አስረከብን። ምርቃት ሲኖር፣ ስብሰባ ሲጠራ፣ ሠርግ ሲደገስ ስልክ የምንደውለው ወደ ከተማ ነው። ድንኳኑ ከዚያ፣ ሳህኑ ከዚያ፣ ምግቡም ከዚያ። ሩዝና ፓስታ ተደርድሮ ይቀርባል። ክትፎ ከተባለም ጠዋት ተከትፎ፣ በባልዲ ተጭኖ፣ ስንት ሰዓት ተጉዞ ይደርሳል። ክትፎ እንግዳው ተቀምጦ ሳለ እንደሚከተፍ እኛ ጠፍቶን ነው? ቀዩ ሥጋ ውሎ ሲያድር እንደሚጠቁር፣ ቅቤው ሲቀዘቅዝ እንደሚረጋ፣ ቆጮ ከምጣድ ወርዶ ሲቆይ እንደሚደርቅ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? እናውቃለን። እያወቅን የጠቆረውን ለእንግዳችን አቀረብን። በየጓዳችን የክትፎ ጣባው ተደፍቶ፣ የቀንድ ማንካው ተሰቅሎ ነበር። ቅቤ የማንጠር፣ ኮረሪማና ሚጥሚጣ የመመጠን ሙያ ያላቸው ሴቶች ደግሞ በድንኳኑ ዳር ቆመው ተመልካች ሆኑ።

አቅም አልነበረንም እንዳንል አባቶቻችን ያሳፍሩናል። በ1950ዎቹ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው፣ በአዲስ አበባ ከሱቅ ንግዳቸውና ከላባቸው አዋጥተው ወደ አገራቸው መንገድ ያስጠረጉ ናቸው። ተራራ ለመቁረጥ የተሰባሰበ ሕዝብ ልጆች መቶ ሰው ለማብላት መሰባሰብ አቃተን? ሃያ ሴቶች፣ አንድ የጋራ ማድቤት፣ አንድ የእንግዳ መዝገብ፣ ቀድሞ የተቀበለ ቀብድ። ይኸው ነበር የሚጎድለን! ውጆው ቅቤውን ያቀርብ ነበር። የየጓሮው እንሰት ገበያ ያገኝ ነበር። የአካባቢው በሬ እዚሁ ይታረድ፣ ገንዘቡም እዚሁ ይቀር ነበር። ይህን ለመጀመር ማንን አስፈቀድን? ማን ከለከለን? አንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጠን ተነጋገርንበት?

ዝም አልን። በየዓመቱ «ለከርሞ» እያልን ዝም አልን። በዝምታችን መካከል ክትፎው አዲስ አበባ ገብቶ ሀብት ሆነ። ዮሐንስ ክትፎን የማያውቅ አዲስ አበቤ አለ? እነዚያ ሠርተው አገኙ፤ ይገባቸዋል። የእኛስ? ትናንት ሩዝ አብልተን የሸኘነው እንግዳ ከተማው እንደገባ ጣባ ያስቀርባል፤ እዚህ ያጣውን የጉራጌ ክትፎ እዚያ ከፍሎ ይበላል። የምትከትፍለት ደግሞ ከዚሁ ከእኛ መንደር ሥራ አጥታ የሄደች፣ ሙያውን ከእናቷ ጓዳ ይዛ የወጣች ልጃችን ናት።