ስለ ጥቁር ዳቦ የቈየ ዕዳ

የሰው አገር ምግብ ሳይቀምሱ ስለዚያ አገር ሰው ጠባይ መናገር፥ ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው። እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር ያለ ምስክር የተፈረደ ፍርድ እንዲፈርስ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። በልጅነታችን የፈረድነውን አንድ ፍርድ ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ሸሽገን ኖርን። ነገሩም እንዲህ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ፊደልና ዳዊት ከተማርን በኋላ ወላጆቻችን ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰደዱን። በዚያ አንዲት ጀርመናዊት መምህርት ነበሩ። አንድ ቀን ትምህርታችንን ደኅና አድርገን ስላጠናን ደስ ብሏቸው፥ ከገዛ ማዕዳቸው ጥቁር ዳቦ ቈርሰው ሰጡን። ብንቀምሰው ኮመጠጠን። «የተበላሸ ነው» ብለን ከአጥር ሥር ቀበርነው። ቀና ብንል መምህርታችን በመስኮት ቆመው ያዩን ነበር። አንዳች ቃል አልተናገሩም። ያም ዝምታ ከአለንጋ ይልቅ ሲጠዘጥዘን ኖረ።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድማችንን ለመጠየቅ ወደ ፍራንክፈርት በሄድን ጊዜ፥ እውነተኛውን የጀርመን ምግብ እንዲያሳየን ለመንነው። እርሱም ሣቀና «ጋሼ፥ በዚህ ከተማ የሁሉ አገር ምግብ በያለበት ይገኛል፤ የጀርመኑን ግን ፈልጎ ማግኘት ያሻል» አለን።

በማታውም ከማይን ወንዝ ማዶ ዛክሰንሃውዘን ወደሚባለው ሠፈር ወሰደን። በምግብ ቤቱ ውስጥ ረጃጅም የእንጨት ገበታዎች ተዘርግተው፥ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋራ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጦ ይበላል። ይህን ባየን ጊዜ ባዕድነታችን ቀለለን። የአሳማ ሥጋ ስለማንበላ አሳላፊዋ «ግሩነ ዞሰ» የተባለውን አመጣችልን። ይኸውም ሰባት ዐይነት ለጋ ቅጠል በደቃቁ ተከትፎ፥ በኮምጣጣ ቅባት ተለውሶ፥ ሳይሞቅ ከተቀቀለ ዕንቍላልና ከድንች ጋራ የሚቀርብ ነው። ስሙም ከከተማይቱ ጋራ ታስሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው። በአጠገቡ ኮምጣጣ ጎመን ተጨመረ፤ ጥቅል ጎመን ተከትፎ፥ ጨው ብቻ ተነስንሶበት፥ ተጭኖ ብዙ ሳምንት ሲቈይ በገዛ ራሱ የሚኮመጥጥ ነው። እኛም ወንድማችንን «እነዚህ ሰዎች ኮምጣጣ እንዴት ይወዳሉ!» አልነው። እርሱም «እኛስ?» ብሎ መለሰልን። ለዚህ መልስ አላገኘንለትም።

በማግሥቱ ማልደን ወደ ሠፈሩ ዳቦ ቤት ሄድን። ወንድማችን እያስተረጐመን፥ ሸምገል ያለው ጋጋሪ የጥቁሩን ዳቦ ነገር አስረዳን። ጥቁሩ ዳቦ የሚሠራው «ሮገን» ከሚባል፥ ስንዴ ከሚመስል የብርድ አገር እህል ነው። ይህ ዱቄት ያለ ኮምጣጣ እርሾ ቢጋገር መካከሉ እየተጣበቀ እንደ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ጋጋሪው ከዛሬው ሊጥ ጥቂት አስቀርቶ ለነገ ያኖራል፤ ይህንም ሳያቋርጥ ዓመት ከዓመት ያደርጋል። ዱቄቱ ከመቶው ዘጠና እጅ ሮገን ካልሆነ በቀር ዳቦው «የሮገን ዳቦ» ተብሎ አይሸጥም። ጀርመኖችም የዳቦ አሠራራቸውን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. ከአገራቸው የባህል ቅርስ መዝገብ አግብተውታል።

ጋጋሪው አንድ ቍራሽ ቈርጦ ሰጠን። ገና በአፋችን ሳለ ያ አጥር፥ ያ መስኮት፥ የመምህርታችን ፊት ተመለሱብን። ዳቦው አልተበላሸም ነበር። ሊሆን የሚገባውም ያው ነበር። ያ እህል በአካባቢያችን የማይዘራ ስለ ሆነ፥ መምህርታችን ከሩቅ አገር የመጣላቸውን ቈጥበው ለእኛ መቍረሳቸውን ያን ጊዜ አስተዋልን። ጧትና ማታ ኮምጣጣ እንጀራ የምንበላ ልጆች፥ የሰውን እርሾ እንደ ብልሽት ቈጥረን ቀበርነው።

መምህርታችን አርጅተው ወደ አገራቸው ተመልሰው በሰሜን ጀርመን እንደሚኖሩ ሰምተን ነበርና፥ ወንድማችን የስልካቸውን ቍጥር ፈልጎ አገናኘን። ስማችንን ብንነግራቸው በአማርኛ «አንተ ዳቦ ቀባሪ! እስከ ዛሬ አለህ?» አሉን። እኛም «እመቤቴ፥ ይቅር ይበሉኝ ለማለት ነው» አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና ሣቁ። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፥ እኔም ወደ አገራችሁ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ ተማሪ እናት እንጀራ ሰጥተውኝ፥ የተበላሸ መስሎኝ በስውር ለውሻ ሰጠሁት። አንተ ስትቀብር ባየሁህ ጊዜ ምን አፍ ኖሮኝ እቈጣ ነበር?»

እኛ ቍጣ ነው ብለን ሠላሳ ዓመት የፈራነው ዝምታ፥ የእርሳቸው የገዛ ኀፍረት ኖሯል።

«ዛሬስ እንጀራ ይበላሉ?» ብለን ብንጠይቃቸው «ማን ጋግሮልኝ!» አሉን። በዚያው ቀን ከሐበሻ ሱቅ እንጀራ ገዝተን፥ በጥንቃቄ ጠቅልለን በፖስታ ላክንላቸው። እኛም አንድ ሙሉ ጥቁር ዳቦ ተሸክመን አዲስ አበባ ገባን። ከማዕድ ላይ ባኖርነው ጊዜ ታናሽ ልጃችን ቀመሰና «አባባ፥ ይህ ዳቦ ተበላሽቷል» አለ። እኛም ሳንቈጣው ከአጠገባችን አስቀምጠን ይህን ታሪክ ነገርነው። ሲጨርስ ሁለተኛ ቍራሽ ለመነን።