ግሡ የደበቀው ሰው

እስቲ ዛሬ ጠዋት ያነበባችሁትን የመጀመሪያ ዜና መለስ ብላችሁ እዩት። ሰው የሞተበት ዜና ከሆነ (መሆኑ አይቀርም) ግሡ ምን ነበር? እኔ ልገምት፦ «ሕይወታቸው አለፈ»። ካልሆነ «ሕይወታቸውን አጡ»። ደፈር ያለ ዘጋቢ ከጻፈው ደግሞ «ተገደሉ»።

በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት የጨዋነት ጉዳይ ይመስለን ይሆናል። አይደለም። «ሕይወታቸው አለፈ» ሲባል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሕይወት ነው፤ በራሱ ጊዜ አለፈ። «ሕይወታቸውን አጡ» ከዚህ ይብሳል፤ እዚህ አድራጊዎቹ ሟቾቹ ናቸው። ቦርሳ እንደጣለ ሰው ሕይወታቸውን የሆነ ቦታ ጥለው የሄዱ ይመስላል። «ተገደሉ» ቢያንስ ገዳይ እንደነበረ ያምናል፤ ማንነቱን ግን አይናገርም።

ከእንግሊዝኛ ዜና እየተረጎምኩ ዓመታት ስለኖርኩ ሰበቡን ሁሉ አውቀዋለሁ። አንዱ «የአማርኛ ጠባዩ ነው» የሚለው ነው። እንዲያውም! ግ-ድ-ል የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ይዛችሁ ገደለ፣ ተገደለ፣ አስገደለ፣ ተጋደሉ፣ አገዳደለ ትላላችሁ። «አስገደለ»ን ልብ በሉ። ቃታ የሳበውን ትቶ፣ ከኋላ ሆኖ ያዘዘውን ሰው በአንዲት ቃል ፊት ለፊት ያቆመዋል። ይህን ግሥ ከታሪክ መጽሐፍ ውጭ፣ በዜና ላይ ስንት ጊዜ አያችሁት? የምናገኘው «ተጋጩ» ወይም «በተፈጠረው ግጭት» ነው። በ«ተጋጩ» ሁለቱም ወገን እኩል አድራጊ፣ እኩል ተደራጊ ይሆናል፤ በሩን ዘግቶ የተቀመጠውም፣ በሩን ሰብሮ የገባውም «ተጋጩ»።

ልቅሶ ቤት ሄዳችሁ ስሙ። ልጇ የተገደለባት እናት «ሕይወቱ አለፈ» ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «ገደሉብኝ» ነው የምትለው። በአንዲት ቃል ውስጥ የሆነው ነገር አለ፣ ያደረጉት አሉ፣ የተጎዳችው እሷም አለች። ይቺን «ብኝ» በእንግሊዝኛ የሚሸከምልኝ ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ኬትሊን ፎሲ እና ሌራ ቦሮዲትስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ለእንግሊዝኛና ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሰው ፊኛ ሲያፈነዳ፣ እንቁላል ሲሰብር የሚታይባቸው ቪዲዮዎች አሳዩ፤ አንዳንዱ ሆን ብሎ፣ አንዳንዱ ሳያስበው። ሆን ተብሎ የተደረገውን ሁለቱም ወገኖች «ሰበረው» አሉ። በአጋጣሚ የሆነውን ግን እንግሊዝኛ ተናጋሪው አሁንም «ሰበረው» ማለት ሲቀናው፣ ስፓኒሽ ተናጋሪው ወደ «ተሰበረ» አዘነበለ፤ እኛም ብርጭቆ ከእጃችን ሲያመልጥ «ተሰበረብኝ» እንደምንለው። በኋላ ማን እንዳደረገው ሲጠየቁ፣ የአጋጣሚውን አድራጊ በደንብ ያስታወሱት እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ነበሩ። ሆን ብሎ ያደረገውን ግን ሁለቱም እኩል አስታወሱ።

ብዙ ሰው ከዚህ የሚወስደው «ቋንቋ አስተሳሰብን ይቀርጻል» የሚለውን ነው። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ስፓኒሽ ተናጋሪው አድራጊ የሌለውን ግሥ በብዛት ያቆየው ለአጋጣሚ ነው። እኛም በቤታችን እንደዚያው ነን። ስለዚህ ዘጋቢው ታልሞ ለተተኮሰ ጥይት የብርጭቆውን ዓይነት ግሥ ሲመርጥ ዝም አላለም፤ አጋጣሚ ነው ብሎ ነግሮናል።

አንዲት ተንኮለኛ ፊደል ደግሞ አለች፦ «በ»። «በታጣቂዎች ተገደሉ»፣ «በጥይት ተገደሉ»፣ «በገበያ ቦታ ተገደሉ»፤ ያው «በ» ናት። እናቴ ዓይኗ ስለደከመ ማታ ማታ ዜና የማነብላት እኔ ነኝ። «በጥይት ተመትተው ሕይወታቸው አለፈ» ስላት «ጥይት እግር አለው እንዴ?» ትለኛለች። እኛ ግን የገዳዩ ቦታ ላይ ጥይቱን ስናገኝ ጥያቄው የተመለሰ ይመስለንና ወደሚቀጥለው ፖስት እናልፋለን።

ዘጋቢውን ብቻ አልወቅስም። ገዳዩ በእውነት ያልታወቀበት ጊዜ አለ፤ ታውቆም ስሙን መጥራት የሚያሳስርበት ጊዜ አለ። ቢሆንም «ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ገደሏቸው» ማለት ይቻላል። ስም ባይኖረውም ሰው ሰውን መግደሉን ይናገራል።

የመረጃው ምንጭም በዚሁ «ተ» ይሸሸጋል። ቱርክኛ ተናጋሪ ሰውየው ሲመጣ ካየ «ገልዲ» ይላል፤ ከሰማ ወይም ጫማውን ደጃፍ ላይ አይቶ ከገመተ «ገልሚሽ»። ግሡ ራሱ ከየት እንዳመጣኸው ይጠይቅሃል። አማርኛ እንዲህ አያስገድድም፤ ግን «መጣ አሉ» አለን፣ «መጥቶ ኖሯል» አለን። ቻናሎቻችን የወደዱት «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተሰማ» ነው። ገላጩ የለም፣ ጠቋሚው የለም፣ ሰሚውም የለም። «የሟቾች ቁጥር ሊጨምር እንደሚችል ተገለጸ» የምትለዋን የዘወትር መዝጊያ እስቲ ፈታ አድርጓት፦ ቁጥሩ በራሱ ይጨምራል፣ መግለጫው በራሱ ይገለጻል፤ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሰው ተብለው የቀሩት ሟቾቹ ብቻ ናቸው።