ቧንቧው መቼ ነው የሚጮኸው?

ቧንቧ ሲያፈስ ምክንያቱን ለማወቅ ማየት ይበቃል። ሲጮህ ግን ሁሉም የየራሱን ምክንያት ይሰጠዋል። እዚህ መቱ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ባለፈው ክረምት የሆነው ይኸው ነው። የሚያንጠባጥበው የብረት ቧንቧ ተቆርጦ ግማሹ በፕላስቲክ ተቀየረ፤ ቆጣሪው አጠገብም አዲስ መዝጊያ ተገጠመ። ማፍሰሱ ቆመ፣ ግድግዳው ግን ይንቀጠቀጥ ጀመር።

የመቱን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሌላ ድምፅ አይሰማም። ማታ ሲያባራ ነው ጉዱ። ውሃ ሲከፈት «ጉርርር»፣ ሲዘጋ ደግሞ «ድው!» ጎረቤት ቤቱን ዛር ያዘው እያለ ይቀልዳል። ሃርሜ የምንላቸው አከራያችን ግን አልሳቁም። ጠጋኙ በስልክ «ግድግዳው ፈርሶ መስመሩ በሙሉ መቀየር አለበት» ብሏቸዋል። ለልጃቸው ትምህርት ያስቀመጡትን ቡና ሊሸጡ ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ያለን መሣሪያ ጥያቄ ብቻ ነው። እኔም «ለምን?» ከማለቴ በፊት «መቼ? የት?» አልኩ። ሁለት ቀን ጻፍኩት። ጉርምርምታው ያለው ውሃው እየፈሰሰ ሳለ ብቻ ነው፤ እጅ ሲያስነኩት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚርገበገበው አዲሱ መዝጊያ ነው። ለካ በግማሽ ብቻ ተከፍቶ ቀርቷል! ውሃ በጠባብ ሲሾልክ የመዝጊያውን ምላስ ያንቀጠቅጠዋል። እስከ መጨረሻው ስንከፍተው ጸጥ አለ።

«ድው» የሚለው ግን ባሰበት። ይህም ምክንያት አለው፤ ውሃው አሁን በፍጥነት ይሮጣላ። ሩሲያዊው ኒኮላይ ዡኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ በሞስኮ የውሃ መስመሮች ላይ ይህንኑ አጥንቷል። በብረት ቧንቧ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ በቅጽበት ቢቆም፣ የሚፈጠረው ተጨማሪ ግፊት 100 ሜትር ከፍታ ካለው የውሃ ዓምድ ይበልጣል። ያ ግፊት ያልታሰረ ቧንቧ ካገኘ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል። የእኛም ቧንቧ ለጥገናው ሲባል ማሰሪያዎቹ ተነቅለው ሳይመለሱ ቀርተዋል።

ሃርሜ ጠጋኙን አስጠሩት። «ልጄ፣ መጀመሪያ ይህን እሰርልኝ፤ ግድግዳውን ከዚያ እናወራለን» አሉት። መጥቶ አይቶ ዝም አለ፤ ከዚያ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጦ በቧንቧውና በግድግዳው መካከል እያስገባ አሰረው። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ የሚያስነጥሰው ሌላ ነገር ነው፤ እሱ አየር ነው። ቧንቧዎቹን ቀስ ብሎ ከፍቶ ውሃው ያለማቋረጥ እስኪወርድ መጠበቅ ነው። «ድው» የሚለውም ጨርሶ አልጠፋም። በተለይ በአንድ ምት የሚዘጋው የጓሮው ቧንቧ ሲጠረቀም ትንሽ ይሰማል። ታዲያ ሃርሜ ከመስኮት ሆነው «ቀስ!» ይላሉ።