ወድቃ ታውቃለች?

አባቴ በቅሎ ሲገዙ ከጥርሷ በፊት የሚያዩት የፊት ጉልበቷን ነበር። ልጅ ሆኜ አንበሳሜ ገበያ ተከትያቸው ስሄድ አስታውሳለሁ። የወደቀች በቅሎ ጉልበቷ ላይ ጠባሳ ይቀርባታል፤ በጠባሳው ላይ የሚበቅለው ፀጉርም ብዙ ጊዜ ነጭ ይሆናል። ሻጩ ስለ ዘሯና ስለ አረማመዷ ሲያወራ እሳቸው ጎንበስ ብለው ጉልበቷን እየዳበሱ፣ «ወድቃ ታውቃለች?» ይላሉ።

እኔና ባለቤቴ መኪና ልንገዛ ስንነሳ ይህ ጥያቄ ትዝ ያለኝ ቀብድ ከከፈልን በኋላ ነው።

መኪና ያስፈለገን በአባቴ ምክንያት ነበር። ለልብ ሕመማቸው በየሁለት ወሩ ባሕር ዳር ክትትል አላቸው። ከአንበሳሜ ሐሙሲት፣ ከሐሙሲት ባሕር ዳር፣ በሚኒባስ ውስጥ ተጣበው ይመጣሉ። ዕቁብ ሲደርሰን ከቁጠባችን ጋር ደመርነው። ባለቤቴ የወደደው አንዲት ያገለገለች ጥቁር ጀርመን ሠራሽ የቤት መኪና ነበር፤ አነስ ያለች፣ የቆዳ ወንበር ያላት፣ ሲያዩዋት ልብ የምትወስድ። «ውድ መኪና ሰው አትጎዳም» አለኝ። እኔም አመንኩትና 20,000 ብር ቀብድ ሰጠን።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስልኬን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ ፈታሽ ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ለመርሴዲስ ሲ-ክላስ ለአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ አምስት ኮከብ ሰጥቷል። ያው ሞዴል ግን በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች የመንገድ ደህንነት ተቋም ባደረገው አዲስ ፈተና «ደካማ» ተብሏል። አዲሱ ፈተና የመኪናዋን ፊት ሙሉ በሙሉ አያጋጭም። የሾፌሩን ጥግ ብቻ፣ ከስፋቷ ሩብ ያህሉን፣ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ከማይነቃነቅ ግድግዳ ጋር ያጋጫል። በዚያ ዙር ከተፈተኑት 11 የቅንጦት መኪኖች «ጥሩ» የተባሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ቮልቮ ኤስ60 እና አኩራ ቲኤል። አውዲ ኤ4 እና ሌክሰስ አይኤስም ከደካሞቹ ተመደቡ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በገበያ ቀን ከሐሙሲት ወደ አንበሳሜ የነዳ ሰው ያውቀዋል። አህያ ድንገት ይገባል፣ ሾፌሩ መሪውን ይጠመዝዛል፣ የመኪናዋ ጥግ ከባሕር ዛፍ ወይም ከፊት ከሚመጣ አይሱዙ ጋር ይገናኛል።

ስለ ታካታ ኤርባግም አነበብኩ። በሙቀትና በእርጥበት ብዛት የሚበላሸው የመንፊያ ክፍሉ ሲፈነዳ ብረት ይረጫል። በዓለም ዙሪያ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጉ እንዲቀየሩ ጥሪ ተደርጓል፤ ከነሱም ውስጥ የቅንጦቶቹም የተራዎቹም መኪኖች አሉ። ኩባንያው በ2017 እ.ኤ.አ. ከስሯል። ጥሪው የሚመለከታት መሆኗ በሻንሲ ቁጥሯ ይጣራል። አገር አቋርጣ የመጣች አሮጌ መኪና ግን ሳይቀየርላት ልትመጣ ትችላለች።

ያኔ ነው የአባቴ ጥያቄ የመጣልኝ። እስካሁን ያነበብኩት ስለ ዘሯ ነው። እቺኛዋስ ወድቃ ታውቃለች?

እሁድ ጠዋት አንድ መካኒክ ይዘን ሄድን። ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ቁልፉን አዙሮ ዳሽቦርዱን አሳየኝ። የኤርባጉ መብራት መጀመሪያ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት አለኝ። ሳይጠፋ ከቀረ ችግር አለ፤ ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ችግሩን የደበቀ ሰው አለ። የእኛዋ አልበራም።

ቀጥሎ የሾፌሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻው ሳበው። ጫፉ ላይ የተሰፋው ምልክት የተሠራበትን ዓመት ይናገራል፤ ዓመቱ ከመኪናዋ ዓመት ጋር አልገጠመም። በፓራፋንጎው ላይ ማግኔት ሲያስጠጋ አንድ ቦታ አልያዘም፤ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነበር። መሪው ላይ ያለውን ሽፋን ሲከፍተው ኤርባጉ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው።

ሻጩ፣ «እህቴ፣ ኤርባግ ኖረ አልኖረ ማን ያየዋል?» አለኝ። ባለቤቴ ዝም ብሎ የቆዳውን ወንበር ሲያይ ቆየ። ከዚያ «እንሂድ» አለኝ። ቀብዱን ለማስመለስ ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ አልተመለሰም። በዕቁብ ስንት ወር የተጠራቀመ ገንዘብ መሆኑን የምናውቀው እኛው ነን። ለሁለት ሳምንት ያህልም እኔና ባለቤቴ ስለ መኪና ማውራት ተውን።

በመጨረሻ የገዛናት ቪትዝ ናት። ቆዳ የላትም፤ ጎረቤትም ዞር ብሎ አያያትም። መብራቷ ግን በርቶ ይጠፋል፤ ቀበቶዎቿ ከነዓመታቸው ናቸው። የሻንሲ ቁጥሯንም አጣርተናል። ከትላልቆቹ ጋር ብትጋጭ ትንሽነቷ እንደሚጎዳት ስለማውቅ ባለቤቴ ፍጥነት ሲጨምር ዝም አልልም።

መጀመሪያ አንበሳሜ ይዘናት የሄድን ቀን አባቴ በትራቸውን ተደግፈው አንድ ጊዜ ዞሯት። ከፊት ጎማዋ አጠገብ ቆመው ጎንበስ አሉ።

«ወድቃ ታውቃለች?»

«የለም አባባ፣ አይተናል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይሁን» ብለው ከኋላ ገቡ። ቀበቶውን ጎትቼ ሳስርላቸው፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብለው ትንሽ አጉረመረሙ። ሐሙሲት እስክንደርስ ግን በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር።