ዝምተኛ ሰው የሙያ ወዳጅ ስለ ማፍራቱ

አባቶቻችን ስለ ዝምታ ሁለት ምሳሌ ትተውልናል። አንደኛው «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ሁለተኛው ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። በጠባያችን ዝምተኞች የሆንን ሰዎች የመጀመሪያውን ምሳሌ እንደ ጋሻ ይዘን፣ ሁለተኛውን እንዳልሰማን ሆነን ብዙ ዘመን እንኖራለን። እኛም ከነዚሁ ወገን ነበርን። ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን የምናቀርበው ነገር ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ ሳይሆን፣ በጫሞ ሐይቅ አጠገብ በመምህርነት ስንኖር በራሳችን ላይ የደረሰውንና ከእርሱም የተማርነውን ነው።

አስቀድሞ ነገሩን መለየት ያስፈልጋል። ዝምተኛ ማለት ሰውን የሚጠላ ማለት አይደለም። የስዊስ አገር ሐኪም የነበረው ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰውን ጠባይ ሐሳቡ ወደ ገዛ ውስጡ የሚያዘነብልና ሐሳቡ ወደ ውጭው ዓለም የሚያዘነብል ብሎ በሁለት ከፍሎታል። ሁለቱም የተፈጥሮ ጠባዮች ናቸውና አንዱ ከሌላው አያንስም። ነውር የሚሆነው ጠባያችንን ምክንያት አድርገን የሚገባንን ሥራ ስንተው ነው።

እኛ በልጅነታችን የቆሎ ተማሪ ነበርን። ደበሎ ለብሰን፣ አኩፋዳ አንግተን፣ ለውሻ መከላከያ የምትሆን በትር ይዘን፣ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን የዕለት ምግባችንን እንለምን ነበር። ጓደኞቻችን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲለምኑ፣ እኛ ግን ከአጥሩ ሥር ቆመን ውሻው ጮኾ ባለቤቲቱን እስኪጠራልን ድረስ እንጠብቅ ነበር። ውሻ የሌለበት ቤት ለእኛ የተዘጋ ቤት ነበረ። አኩፋዳችን ዘወትር ጎድሎ መመለሱን ያስተዋሉት የኔታ አንድ ቀን ጠርተው፣ «ልጄ፣ የምትለምነው በራስህ ስም አይደለም፤ ታዲያ ስለ ምን ታፍራለህ? የምታመጣውስ ለአንተ ብቻ ነውን? ታሞ የተኛው ጓደኛህም ከዚያው ይበላል» አሉን። ቃሉን ሰማን እንጂ ትርጕሙ የገባን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ደግሞም የአብነት ትምህርት ቤቱ ሥርዐት ለዝምተኛ ሰው የተመቸ ነበር። ተማሪው ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሄዳል። በደረሰበት ሁሉ «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የመምህሩ ስም ቀድሞት ስለሚደርስና ዕውቀቱም ስለሚመሰክርለት፣ ራሱን ለማስተዋወቅ ብዙ መድከም አያሻውም። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። መምህሩ የምስክር ወረቀቱን ለጽሕፈት ቤቱ ካስረከበ በኋላ፣ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚፈልግ ራሱ ካልተናገረ ማንም አያውቅለትም። እኛ ይህን ልዩነት ሳናስተውል ገባንበት።

ለመምህርነት ተመድበን ወደ ጋሞ ምድር በመጣን ጊዜ የምናውቀው አንድ ሰው እንኳ አልነበረንም። አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ሴቻና ሲቀላ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ሰፈሮች ያሏት ከተማ ናት። ከሴቻ ቁልቁል ሲመለከቱ ውሃው የደፈረሰው አባያና ጠራ ያለው ጫሞ ይታያሉ፤ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የተባለው ከፍተኛ ምድር ተጋድሟል። ትምህርት ቤታችን በጫሞ በኩል፣ ሙዝ በሚለማበት ቆላ ነበር። በተማሪዎች ፊት ስንቆም አንደበታችን አይታሰርም ነበር። ደወል ተደውሎ መምህራን ወደ ማረፊያ ክፍል ሲገቡ ግን እኛ መጽሐፋችንን ይዘን ወደ ሌላ ስፍራ እንሄድ ነበር። ይህንም ትሕትና እንለው ነበር።

በሦስተኛው ዓመት በክፍላችን በሒሳብ እጅግ የበረታች አንዲት ልጅ ነበረች፤ አባቷ የሙዝ ገበሬ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአጎራባች ትምህርት ቤቶች መምህራን ልምድ ለመለዋወጥ በጉድኝት ማእከሉ ተሰብስበን ዋልን። በሻይ ዕረፍት ሰዓት ሌሎቹ ሰብሰብ ብለው ሲጨዋወቱ፣ እኛ እንደ ልማዳችን ከዛፍ ሥር ሄደን መጽሐፋችንን ገለጥን። ለጎበዝ ተማሪዎች ነጻ የትምህርት ዕድል የሚያስገኝ ፈተና እንደ ተዘጋጀና ምዝገባውም እንደ ተጀመረ የተወራው በዚያች ሰዓት ነበር። እኛ የሰማነው ከአንድ ወር በኋላ፣ ምዝገባው ከተዘጋ ወዲያ ነው። «ማስታወቂያው ወደ ትምህርት ቤታችን አልደረሰም» ብለን ራሳችንን ልናጽናና ሞከርን። ነገር ግን ወደ ሌሎቹም አልደረሰም ነበር፤ መምህራኑ የሰሙት እርስ በርሳቸው ነው።

ለአባቷ ሄደን መናገር ግድ ሆነብን። አባትየው አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ «መምህር፣ እርስዎ ካልሰሙት እኛማ ከማን እንሰማዋለን?» አሉን።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዝምታችን የራሳችን ገንዘብ ይመስለን ነበር፤ ዋጋውን የምትከፍለው ሌላ ሰው፣ ያውም በእጃችን ያለች ልጅ መሆኗን አላሰብንም። ያን ጊዜ የየኔታ ቃል ትዝ አለን። እኛ ወዳጅ ፍለጋ አደባባይ የምንወጣው ለራሳችን መስሎን አፍረን ነበር። ለካስ በደጃፉ የምንቆመው በራሳችን ስም አልነበረም።

በነጋታው ወደ ርእሰ መምህራችን ሄደን አንድ ነገር ለመንን። «ተናጋሪ አድርጉን» አላልንም፤ በጉድኝት ማእከሉ ስብሰባ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊነት ሥራ እንዲሰጠን ጠየቅን። ሥራውን የሚሻው ሰው ስላልነበረ ወዲያው ተሰጠን። ከዚህም የተነሣ ታላቅ ለውጥ አየን። ዝምተኛን ሰው የሚያስጨንቀው ያለ ምክንያት ሄዶ ጨዋታ መጀመር ነው፤ ሥራ የያዘ ሰው ግን ምክንያት አለው። ስብሰባው ካበቃ በኋላ ወደ አንዱ መምህር ቀርበን «የተናገሩትን እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ልክ ነውን?» ስንል፣ ሰውየው ደስ ብሎት አስፍቶ ያብራራልን ነበር። ሰው የተናገረውን በጥሞና የሰማለትን አይረሳም። እንዲህ እያልን በአንድ ዓመት ውስጥ 11 መምህራንን በስምና በሙያቸው ዐወቅን።

ከዚያ ወዲህ ልማድ ያደረግናቸውን ነገሮች እንደኛ ላሉ አንባቢዎች ብንገልጽ ይጠቅም ይሆናል። አንደኛ፣ ወደ ስብሰባ ስንሄድ ከሁሉ ጋር እንተዋወቅ ብለን አንጨነቅም። አንድ ሰው ወይም ሁለት ሰው አስቀድመን እንመርጣለን፤ የምንጠይቀውንም አንድ ጥያቄ አዘጋጅተን እንሄዳለን። ሁለተኛ፣ ከተለየን በኋላ የሰውየውን ስም፣ ሙያውንና የሚያሳስበውን ነገር በደብተር እንጽፋለን። ሦስተኛ፣ «እልክልዎታለሁ» ያልነውን ወረቀት ወይም የፈተና ጥያቄ ሳምንት ሳያልፍ እንልካለን። አራተኛ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ለእያንዳንዱ በስሙ አጭር የመልካም ምኞት ቃል በስልክ እንጽፋለን፤ ለመናገር የሚያፍር ሰው ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አያፍርምና። አምስተኛ፣ ብዙ ሰው ባየንበት ቀን ማታ ብቻችንን እናርፋለን፤ በዚህም አንጸጸትም።

ይህ አካሄድ ከጫሞ ዓሣ አጥማጆች ሥራ ጋር ይመሳሰልብናል። እነርሱ መረባቸውን ማታ በጸጥታ ጥለው ማለዳ ያነሡታል። መረቡ ሲቀደድ በሐይቁ ዳር ተቀምጠው አንድ በአንድ ይቋጥሩታል እንጂ በአንድ ጊዜ አይጠግኑትም።

አንዳንድ ሰው «የልብ ወዳጅ ካለኝ ሌላ ትውውቅ ምን ያደርግልኛል?» ይል ይሆናል። ስለዚህ ነገር አሜሪካዊው የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው ጥናት ብዙ ያስተምራል። በሰው አማካይነት ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠይቆ፣ ወሬውን ካመጣላቸው ሰው ጋር አዘውትረው ይገናኙ የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ሆነው አገኛቸው። ከግማሽ የሚበልጡት አልፎ አልፎ፣ የቀሩትም ከስንት አንዴ ከሚያዩት ሰው ነበር የሰሙት። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚሰማው እኛ የምንሰማውኑ ነው፤ በሩቅ የምናውቀው ሰው ግን ከሌላ ሰፈር የመጣ ወሬ ይዟል። ይህ ለዝምተኛ ሰው የምሥራች ነው፤ ዕለት ዕለት ሳይገናኙ በዓመት ሁለት ጊዜ በእውነት መጠያየቅ ይበቃልና።

እኛም ይህን በዐይናችን አይተነዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ልጅ በጥቁር ሰሌዳ የተጻፈውን ማንበብ ስለ ተሳነው ቤተ ሰቦቹ ሰነፍ ብለው ከትምህርት ሊያስወጡት አሰቡ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የምናገኘውን፣ በሌላ ትምህርት ቤት ሳይንስ የሚያስተምር አንድ ሰው በስልክ አማከርነው። የባለቤቱ እኅት በዐይን ሕክምና የምትሠራ ነርስ መሆኗን ያን ጊዜ ዐወቅን። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጁ መነጽር አደረገ። በዚያ ዓመትም ክፍሉን አለፈ።

በዙሪያችን ያለው የጋሞ ሕዝብም በዚህ ነገር መምህራችን ሆኖናል። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ በሚባለው የጉባኤ ስፍራ ሲቀመጡ ነገሩ በምርቃት ይከፈታል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያዳምጣል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ጥፋት ምክንያት የአርባ ምንጭ ወጣቶች በቁጣ በተነሡ ጊዜ፣ እነዚህ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በመንገድ ላይ ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ከበቀል ተመለሱ። እንደዚህ ያለ መሰማት በአንድ ቀን ንግግር አይገኝም፤ ብዙ ዘመን ሲያዳምጡ በመኖር የሚገኝ ነው። የዶርዜ ሸማኔም ቀኑን ሙሉ በዕቃው ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ነው። ነገር ግን ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ሽሮ ሜዳ ቀድሞ የገባ ዘመዱ ይቀበለዋል፤ እርሱም በተራው ከኋላው የሚመጣውን ይቀበላል፤ የሠራው ጥበብም ከአፉ ይልቅ ስለ እርሱ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ይገባናል። በአገራችን «ሰው አለው» ሲባል ብዙ ጊዜ በአማላጅ ከሌላው ቀድሞ የሚገባ ማለት ነው። እኛ የምንለው እርሱን አይደለም። የፈተናን መምጣት ለሁሉ ተማሪ መናገር ወዳጅነት ነው፤ የፈተናን ውጤት በወዳጅ ማስለወጥ ግን ሌብነት ነው። ከወዳጃችን ያገኘነውን ነገር በአደባባይ ለመናገር የምናፍር ከሆነ፣ ወዳጅነቱ ተበላሽቷል ማለት ነው።

ዝምተኛ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም በእንግዳ ፊት «ተናገር እንጂ! ምን ያስፈራሃል?» እያላችሁ አታሳፍሩት። ይልቁንስ ሥራ ስጡት። ለጎረቤት መልእክት ያድርስ፤ ለእንግዳ ውሃ ያቅርብ፤ ከሱቅ የጎደለውን መልስ ራሱ ይጠይቅ። የሚናገርበት ምክንያት ያገኘ ልጅ ቀስ በቀስ አንደበቱን ያገኛል።

ያች ተማሪያችን በአቅራቢያዋ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በራሷ ጥረት ቀጥላ፣ ዛሬ ሒሳብ የምታስተምር መምህርት ሆናለች። ያመለጣትን ዕድል ግን እኛ አልረሳነውም። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎች የተዘጋጀ የሒሳብ ውድድር መኖሩን ከሁሉ አስቀድማ በስልክ የነገረችን እርሷ ናት። «የኔታ፣ እንዳያመልጣችሁ ብዬ ነው» አለችን። እኛም በዚያችው ሰዓት ደብተራችንን አውጥተን፣ በውስጡ ለተጻፉት መምህራን ሁሉ አንድ በአንድ መደወል ጀመርን።