ከመጋረጃው በስተጀርባ

በዚህ ገጽ ዘወትር የምናነሣው የዕለቱን ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ወደ ሥዕል፣ ወደ ሙዚቃና ወደ መጽሐፍ ልወስዳችሁ አስቤአለሁ። «አገር እየታመሰ እርሱ ስለ ሥዕል ያወራል» የሚለኝ ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ይታገሠኝ፤ መንገዳችን ዞሮ ዞሮ የሚያደርሰን ከለመድነው ጉዳይ ላይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።)

ልጅ ሳለሁ በቤታችን፣ በሳሎኑና በጓዳው መካከል፣ አበባ የተጠለፈበት መጋረጃ ነበር። በ1991 ሠራዊቱ ሲበተን የእናቴ ታላቅ ወንድም ከሰሜን ጦር ግንባር ተመለሱ። የታችኛ መንጋጋቸውን ከፊሉን ጥይት ወስዶታል። ሲመገቡ ምግቡ ስለሚያመልጣቸው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ትሪያቸውን ይዘው ከመጋረጃው በስተጀርባ ይቀመጡ ነበር። «ወደ ጓዳ ይግቡ» ያላቸው ሰው የለም፤ ኮቴ ሲሰሙ ራሳቸው ይነሣሉ። መጋረጃውን የመሳብ ሥራ ግን የእኔ ነበር። ማንም ሳያዝዘኝ እየሮጥሁ እስበው ነበር። እንግዶቹም «ጎበዝ ልጅ» ይሉኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኑሮ ወደ ጀርመን አገር ወሰደኝ። አንድ ቅዳሜ ዝናብ ሽሽት ከገባሁበት ሙዚየም ውስጥ የኦቶ ዲክስን ሥራዎች አየሁ። ዲክስ በ1914 በፈቃዱ የዘመተ፣ መትረየስ ተኳሽ ሆኖ በሶም ጦር ሜዳ ጭምር የተዋጋ ሠዓሊ ነው። በ1924 «ጦርነት» በሚል ርእስ በመዳብ ላይ ተቀርጸው የታተሙ 50 ሥዕሎችን አወጣ። ከእነዚህ በአንዱ ላይ የሆስፒታል ልብስ የለበሰ ቁስለኛ አለ። የፊቱ ግማሽ ከሌላ ገላው በተቆረጠ ሥጋ ተጠግኗል፤ ግማሹ የወጣትነቱ ፊት ነው። ከዚያ ሥዕል ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምሁ። የማየው ጀርመናዊ ወታደር ቢሆንም ያየሁት አጎቴን ነበር። ዲክስ እኔ ስስበው ያደግሁትን መጋረጃ ገልጦታል።

«ምን ነክቶት እንዲህ ሣለ?» ለሚል ሰው የዘመኑን ኅብረተሰብ ማስታወስ ይገባል። በ1918 ጦርነቱ ሲያበቃ ጀርመን ሁለት ሚሊዮን ያህል ወታደሮቿን አጥታለች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሆላንድ ተሰደዋል። በጥር 1919 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ ሰጡ፤ 37 ሴቶችም ወደ ምክር ቤት ገቡ። በኅዳር 1923 አንድ ዶላር በ4.2 ትሪሊዮን ማርክ ተመነዘረ፤ የዕድሜ ልክ ጥሪት የዳቦ መግዣ መሆን አቃተው። ክብር፣ ግዴታ፣ ድል የሚሉት ቃላት ከትምህርት ቤቱም ከመድረኩም ሲነገሩ የኖሩ ናቸው። ተናጋሪው ሁሉ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ የአነጋገሩ ወግ ራሱ ታማኝነቱን አጣ። ያ ትውልድ አሮጌውን ውበት የጣለው ማሳመር ስላልቻለ አልነበረም፤ ማሳመር መዋሸት ስለ ሆነበት ነው።

ስለዚህ በየሙያው «ከመጀመሪያው እንጀምር» ተባለ። ቫልተር ግሮፒዩስ በ1919 በቫይማር ባውሃውስን ከፍቶ ቤቱንና ወንበሩን ሳይቀር እንደ አዲስ እንዲታሰብ አደረገ። ቪየናዊው አርኖልድ ሾንበርግ አሥራ ሁለቱን ድምፆች ያለ ንጉሥና ያለ ሎሌ እኩል የሚያሰልፍ የሙዚቃ ሥርዐት ቀመረ። ኩርት ቫይል ከብሬሽት ጋር በ1928 በበርሊን ባቀረበው የሙዚቃ ድራማ ሌቦችንና ለማኞችን በጃዝ ቃና አዘፈነ። በ1920 በበርሊን የዳዳ ኤግዚቢሽን ደግሞ የመኰንን ልብስ የለበሰ፣ የአሳማ ራስ ያለው አሻንጉሊት ከጣሪያ ተንጠለጠለ፤ ሠራዊቱን ሰድባችኋል ተብለው ከተከሰሱት ሰዎችም አንዳንዶቹ በገንዘብ ተቀጡ።

እስከዚህ ያለው በየመጽሐፉ ተጽፎ የሚገኝ ነው። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ የሚከተለው ታሪክ ነው።

በ1923 የኮሎኝ ከተማ አንድ ሙዚየም የዲክስን «ምሽግ» የተሰኘ ታላቅ ሥዕል ገዛ። በመድፍ የተደበደበ ምሽግ፣ የተበጣጠሰና የበሰበሰ ገላ የሚታይበት ሥዕል ነበር። ጩኸት ተነሣ። አንድ ዝነኛ ሐያሲ «ያስመልሳል» ሲል ጻፈ። ሙዚየሙም ሥዕሉን በመጋረጃ ሸፈነው። አዎን፣ በመጋረጃ! በመጨረሻ ከንቲባው ግዢውን ሰረዙት፤ የሙዚየሙም ኃላፊ ሥራቸውን ለቀቁ። ከንቲባው ኮንራድ አዴናወር ነበሩ። ናዚ አልነበሩም፤ እንዲያውም ናዚዎች በ1933 ከሥልጣን ያባረሯቸው፣ በ1949 የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያው መራኄ መንግሥት የሆኑ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልብ በሉ፤ መጋረጃውን መጀመሪያ የሳቡት ክፉዎች አልነበሩም። ጨዋ ሰዎች ናቸው። «ሕዝቡ በቃው፣ የሟች ቤተሰብ ይቁሰል ወይ፣ የአገር ገጽታ ይበላሽ ወይ» ያሉ ቅን ሰዎች ናቸው።

ክፉዎቹ ከዚያ በኋላ መጡ። በ1933 ዲክስ ከድሬስደን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተባረረ፤ አንዱ ክስ የሕዝቡን የመዋጋት ፈቃድ ያዳክማል የሚል ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት የሬማርክ የጦርነት ልብ ወለድ በየአደባባዩ ከተቃጠሉት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። በ1937 ሙኒክ ላይ 650 ያህል የዘመናዊ ጥበብ ሥራዎች «የዘቀጠ ጥበብ» ተብለው ለመሳለቂያ ተሰቀሉ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው አያቸው። «ምሽግ» ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሰበት ጠፋ። በ1938 ደግሞ ተራው የሙዚቃ ሆነ፤ በዱሰልዶርፉ ኤግዚቢሽን መጽሔት ሽፋን ላይ ሳክስፎን የሚነፋ ጥቁር ሰው የዳዊት ኮከብ አንጠልጥሎ ተሣለ። የጥቁርና የአይሁድ ጥላቻ በአንድ ሥዕል ተጠቃለለ። በዓመቱ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጀመረ።

ሐቀኛ ልሁንና የሚነሣውን ተቃውሞ ራሴ ላንሣው። ሬማርክን ሚሊዮኖች አንብበውታል፤ ጦርነቱ ግን አልቀረም። ታዲያ የጥበብ ፋይዳው ምንድን ነው? ጥበብ ጦርነት ያስቆማል የሚል እምነት የለኝም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቁስሉ ከዓይን ሲሰወር የቀጣዩ ጦርነት ሰባኪ ሥራው ይቀልለታል። ቀድመን የሸፈንነውን ለማጥፋት ክብሪት ብቻ ይበቃዋል።

የኮሎኝ ታሪክ ከእኛም ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው ጦርነት ካለፈ በኋላ ጀርመን አሽቀንጥራ የጣለችውን ጥበብ መልሳ ታነሣ ጀመር። አዴናወር ገና መራኄ መንግሥት ሳሉ፣ በ1957፣ ሐረር የተወለደው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕል ለመማር ወደዚያችው ኮሎኝ ገባ። ተመልሶም በ1963 አዲስ አበባ ላይ ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ «ይህ ምኑ ሥዕል ነው?» የሚል ክርክር ተነሣ። እርሱም በደርግ ዘመን ተሰድዶ በ1981 በአሜሪካን አገር ኦክላሆማ አረፈ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የሚጠራ የሥነ ጥበብ ማዕከል አለ። ጥበበኛን ካረፈ በኋላ ማክበር የጀርመኖች ጠባይ ብቻ አይደለም።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በ2012 ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስገባ የዲክስ ሥዕሎች የታተሙበትን መጽሐፍ ይዤ ሄድሁ። ለማሳየት ፈራሁ፤ ቅር ይሰኙ ይሆናል ብዬ። በመጨረሻ ገልጬ ያንን ሥዕል ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያም በዚያች በምትንተባተብ ድምፃቸው «ልጄ፣ የዚህ ሰው ስሙ ማነው?» አሉኝ።

«አልተጻፈም ጋሼ» አልኋቸው።

«ፊቱን እንዲህ አጥርቶ አይቶ ስሙን ሳይጠይቀው ቀረ?» አሉና መጽሐፉን መለሱልኝ።

ስለ ዘመናዊ ጥበብ ካነበብሁት ትችት ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም። ቁስልን ማሳየትና ቁስለኛውን ማክበር አንድ አይደሉም። በዚያው ዘመን ይህን የተረዳች የመሰለችኝ ኬቴ ኮልቪትስ ናት። የ18 ዓመት ልጇ ፔተር በጥቅምት 1914 ቤልጅግ ውስጥ ተገደለ። መታሰቢያውን ለመሥራት በሐሳብም በእጅም የደከመችው እስከ 1932 ድረስ ነው። በመጨረሻ ያቆመችው ሁለት የተንበረከኩ የድንጋይ ወላጆችን ነው፤ ፊታቸው የእርሷና የባሏ ነው። ዛሬ በቭላድስሎ የመካነ መቃብር ሜዳ፣ የወታደሮቹ ስም ከተቀረጸባቸው ድንጋዮች ፊት ተንበርክከው ይገኛሉ። ሰይፍ የለም፤ ንስር የለም።

እኛስ? ከ1991 ወዲህ ብቻ እንኳ ከኤርትራ ጋር ከ1998 እስከ 2000 ተዋጋን። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ተላለቅን፤ በፕሪቶሪያ ውል ተፈረመ። በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በየቤቱ ስንት መጋረጃ እንደ ተሰቀለ እግዚአብሔር ይወቀው። መንግሥት ስለሚስበው መጋረጃ በዚህ ገጽ ብዙ ብለናል። እኛ በጨዋነት ስለምንስበው ግን አንነጋገርም። «የእኛ ወገን ቁስለኛ ይታይ፣ የእነዚያ ይሸፈን» ማለትም ያው መጋረጃ ነው።

አጎቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። በቀብራቸው ዕለት ከአስከሬናቸው ፊት የተያዘው ፎቶግራፍ ከመቁሰላቸው በፊት የተነሡት፣ መለዮ ለባሽ፣ ሙሉ ፊት ያለው መልከ መልካም ወጣት ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል አብሮን የኖረው ፊት በዚያ አልነበረም። ፎቶግራፉን ከአልበም መርጬ ያሳጎላሁት እኔ ነኝ። ለቀስተኛውም «ደግ አደረግህ» አለኝ።